ሯጩ ወዴት ነበር የሚሮጠው?

መምህርቷ አዲሱን የሥዕል መጽሐፍ መጀመሪያ የገለጠችው የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ቆማ ነበር። ሃያ አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ገጹ ላይ አባቷ ይሮጣል።

አባቷ ሲሮጥ ማየቱ አይደለም ያስደነገጣት። ያን ሩጫ የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ግድቡ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ የወሰደ ዕለት፣ ለግድቡ ምረቃ የመጣ ፎቶ አንሺ አንድ ፎቶ አነሳ፤ ከኋላ ግድቡ፣ ከፊት ደግሞ እግሬ አውጪኝ ብሎ የሚሮጥ ሰው። ጋዜጣው ከፎቶው ሥር «የግድቡ በር ጠባቂ ሥራውን ጥሎ ሲሸሽ» ብሎ ጻፈበት። በቃ፣ ዘጠኝ ሰው ለጨረሰው ጎርፍ ጥፋተኛ ተገኘለት። ከዚያ ወዲህ ሰውየውን በስሙ የጠራው የለም፤ «ሯጩ» ነው። ሚስቱ የሯጩ ሚስት እንደተባለች ተቀበረች። ልጁም የሯጩ ልጅ እየተባለች አደገች፣ ተማረች፣ የታሪክ አስተማሪ ሆነች። ለምን ታሪክ መረጥሽ ብሎ የጠየቃት ቢኖር፣ በቂም ነው ብላ እቅጩን ትነግረው ነበር።

ያስደነገጣት ሌላ ነው። ጋዜጣው ፎቶውን ግራና ቀኝ ቆርጦት ስለነበር፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግድቡንና ሯጩን ብቻ ነው። የመጽሐፉ ሰዓሊ ግን ሥዕሉን ሁለት ገጽ ላይ ዘርግቶ የተቆረጠውን ሁሉ ሞልቶታል። ሯጩ የሚሮጥበት መንገድ ዳገት ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ አንድ አረንጓዴ የብረት በር አለ። የዚያ በር ባለቤት ኢንጂነሩ ነው።

ኢንጂነሩ ያኔ የግድቡ ኃላፊ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ የትምህርት ቤቱ ወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል። ከተማው «እሳቸው» ይለዋል። መምህርቷም ፊት ለፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ በሆዷ የምትለውን ብንጽፈው ወረቀቱ ያፍራል። እዚህ «እሱ» ይበቃዋል።

ሯጩ የሆነውን ነገር ለልጁ የነገራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች የመጣች ዕለት። የግድቡ የውሃ መልቀቂያ በር የሚከፈተው እየተሰካ በሚዞር ከባድ የብረት እጀታ ነበር፤ መያዣው ቀይ ቀለም የተቀባ። ከምረቃው በፊት በነበሩት ቀናት ሰማዩ ስለጠቆረበት፣ በር ጠባቂው ውሃ ቀስ በቀስ እየለቀቀ ቦታ ሲያዘጋጅ ሰነበተ። በዋዜማው ኢንጂነሩ መጥቶ አየ። «ለእንግዶቼ ግማሽ ግድብ ነው የማሳያቸው?» ብሎ ጮኸና እጀታውን ነቅሎ መኪናው ውስጥ ከቶ ቤቱ ወሰደው። በማግስቱ ጠዋት ያ ዝናብ ወረደ።

«እጀታውን ፍለጋ ነው የሮጥኩት» አላት አባቷ። «በሩ ላይ ዘበኛው፣ ጌቶች እንግዶች ይዘው ቁርስ ላይ ናቸው፣ ቆይተህ ና አለኝ። ለመንኩት። ስለምነው ከኋላዬ የውሃውን ድምፅ ሰማሁት።»

አጣሪዎች ሲመጡ ኢንጂነሩ ማለ። እጀታው ቦታው ላይ ነበር፣ ሰውየው ጥሎት ሸሸ፣ ከዚያ እጀታውን ጎርፍ ወሰደው አለ። «እጀታውን ጎርፍ ወሰደው» ተብሎ በማኅተም ተጻፈ። በር ጠባቂውን ማን ይስማው? ፎቶው አለ። ከዚያ በኋላ ሯጩ ሆድ ይፍጀው ብሎ አፉን ዘጋ። ልጁ ነገሩን ባነሳች ቁጥር «ተይው» ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ወደ ሱቅ ሲሄድ እንኳ በዋናው መንገድ አይሄድም፤ በጓሮ በጓሮ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ኢንጂነሩ የግድቡን ታሪክ ለልጆች ላሳትም ብሎ ተነሳ። ዳይሬክተሩ ደግሞ ከአንድ ስልጠና የሰማውን አመጣለት፦ አሁን ያለው አሠራር ጽሑፍ የሌለው የታሪክ መጽሐፍ ነው፣ ሥዕል ብቻ፣ ልጆቹ ራሳቸው እያዩ ይተርኩታል። ኢንጂነሩ ይህን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። «ይሻላል» አለ። «ቃል ጣጣ አለው። ሥዕል ማንንም አይከስም።» ይህን ለመምህርቷ የነገራት ራሱ ዳይሬክተሩ ነው፤ እንደ ትልቅ ብልሃት፣ እየሳቀ።

ሰዓሊው ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ከማንም ጋር ነገር የሌለው፣ ያየውን ሁሉ ካልሳለ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ሰው ነበር። ኢንጂነሩ የድሮ ጋዜጦችንና የቤተሰቡን አልበም ሰጠው። ሰዓሊው አልበሙን ፎቶ በፎቶ ቀዳ፤ ደግሞም መንገዱን በእግሩ ሄዶ አየው። ሥዕሉ ሲያልቅ ኢንጂነሩ ከዳር እስከ ዳር ገለጠው፤ ቃል ፈለገ፣ አላገኘም። ራሱን ፈለገ፣ አገኘ፤ ሰዓሊው ጸጉር ጨምሮለታል። ፈረመ። የዋዜማው ራት በተሳለበት በአሥራ ስምንተኛው ገጽ ላይ፣ ከእንግዶቹ ወንበር ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ባለ ቀይ መያዣ ብረት ግን አላየውም። ምኑን ያየዋል፣ ጸጉሩን እያየ።

መምህርቷ አሥራ ስምንትን ገለጠች። ሃያ ሁለትን ገለጠች፤ እዚያ ደግሞ በር ጠባቂው ዝናብ ውስጥ ባዶ እጁን ቆሟል፣ ከፊቱ እጀታው የሚሰካበት ብረት፣ ከጎርፉ በኋላ በተነሳ የጋዜጣ ፎቶ ላይ እንደሚታየው፣ ራቁቱን ቀርቷል። ከዚያ ሃያ አራትን። መጽሐፉን ዘጋችው። ቃል አልፈልግም አልክ፣ አለች በሆዷ። እሺ። እኔም አንዲት ቃል አልናገርም።

ሦስት ሳምንት ተዘጋጀች። መጽሐፉን ለሚመርቁ እንግዶች የሚታየው የሞዴል ትምህርት በአምስተኛ ክፍል፣ በእሷ እጅ እንዲሆን ጠየቀች፤ ዳይሬክተሩ ፈቀደ። ከአሥራ ስድስተኛው ገጽ በኋላ ያለውን የእያንዳንዱን መጽሐፍ ክፍል በላስቲክ አሰረችው፤ ከክፍለ ጊዜው በኋላም ቆጥራ ትሰበስባለች። በተፈቀዱት ገጾች ላይ ለልጆቹ አንድ ሕግ ብቻ አስተማረቻቸው። ጣት ያላረፈበት ነገር አይነገርም። «ሰውየው ተናዷል» የሚል ልጅ፣ የት ላይ እንዳየው በጣቱ ያሳያል፤ ቅንድቡ ላይ ነው፣ እጁ ላይ ነው። ማሳየት ካልቻለ ይቀመጣል። «አባቴ ነግሮኛል» አይሠራም። «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ልጆቹ መጀመሪያ ተንጫጩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን እርስ በርሳቸው «ጣትህ የታለ?» መባባል ጀመሩ። እናቶቻቸውንም ቤት ውስጥ በዚሁ ሕግ አስመረሩ አሉ።

ከሁሉም የምትበልጠው አንዲት ከዥዋዥዌ ወድቃ የፊት ጥርሷ የተሸረፈ፣ ጓደኞቿ «ሸራፊት» የሚሏት ልጅ ነበረች። ዓይኗ የሚያመልጠው ነገር የለም፤ ሥዕል ላይ የተጠመጠመ ድመት ጅራት ከመጋረጃ ሥር ታወጣለች። ሸራፊት የኢንጂነሩ የልጅ ልጅ ናት፤ የምትኖረውም እዚያው አረንጓዴው በር ውስጥ፣ ከእሱ ጋር ነው። መምህርቷ ደግ ሰው ብትሆን ኖሮ፣ በዚያን ቀን ልጅቷን ምክንያት ፈልጋ ወደ ቤተ መጻሕፍት በላከቻት ነበር። አልላከቻትም። የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ልቧ ቆንጠጥ አላደረጋትም አይባልም፤ አደረጋት፣ ግን ለእሷም በዚያ ዕድሜዋ ማንም አላዘነላትም ነበር።

ቀኑ ደረሰ። እንግዶቹ ከኋላ በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ ከትምህርት ቢሮ ሁለት ሰዎች፣ ዳይሬክተሩ፣ ወላጆች። ኢንጂነሩ መሃል ላይ፣ ከረባቱን አስሮ፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አቆላልፎ። ከጎኑ ልብስ ሰፊዋ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ በጎርፉ ቀን ታናሽ እህቷን ያጣች ሴት ናት፤ «ሯጩ» የሚለውን ስም ያወጣችውም እሷ ነች ይባላል። የመምህርቷን የትምህርት ቤት ልብስ አንድ ቀን ሰፍታ አታውቅም። «የዚያን ቤት ልጅ አልለካም» ብላ እናትየውን ከነጨርቋ መልሳታለች።

«ላስቲኩን ፍቱ» አለች መምህርቷ። ከዚያ በኋላ ከገጽ ቁጥር በቀር የተናገረችው የለም።

አሥራ ስምንት።

«ራት ነው» አለ አንዱ፣ ጣቱን ሳህኖቹ ላይ አሳርፎ። «ብዙ እንግዳ አለ።»

«መስኮቱ ላይ ደመና አለ» አለች ሌላዋ።

ሸራፊት ብድግ አለች። «ይሄ የኛ ሳሎን ነው። ይኸው ሰዓቱ፣ አሁንም አለ። ከዚህ ወንበር ኋላ ደግሞ ትልቅ ብረት ቆሟል፣ መያዣው ቀይ ነው።» ጣቷን አሳረፈችበት። ሌሎቹም አገኙትና ጣታቸውን አሳረፉ። ኋላ የተቀመጠው ኢንጂነሩ ፈገግ አለ፤ ሳሎኑ በመታወቁ ደስ ብሎት።

ሃያ ሁለት።

«ሰውየው ዝናብ ውስጥ ነው። እጁ ባዶ ነው፣ ይኸው።»

«ይሄ ብረት ላይ ደግሞ ምንም የለም። ገጽ አሥራ አራት ላይ ነበረ እኮ! ቀይ ነገር ነበረበት፣ ሰውየው ሲያዞረው።»

ወረቀት በያለበት ተንኮሻኮሸ፤ ሃያ ምናምን ልጅ ወደ ኋላ ገለጠ፣ ወደ ፊት ገለጠ። «አዎ ነበረ።» «አሁን የለም።» «ሳሎን ውስጥ ነዋ ያለው፣ አሥራ ስምንት ላይ።» መምህርቷ እጇን ኋላዋ አጣምራ ቆማለች። የኢንጂነሩ ጣቶች ሆዱ ላይ ሲላቀቁ አየች። አንጀቷ ቅቤ መጠጣት ጀመረ፤ ግን ገና ነው።

ሃያ አራት።

«ሯጩ!» አለ አንድ ልጅ። «እየሸሸ ነው።»

«ጣትህ የታለ?» አሉት በአንድ አፍ።

ልጁ ጣቱን አነሳና ሥዕሉ ላይ አንከራተተው። ሽሽቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ። «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ እየሟሸሸ፤ ከዚያ ራሱ ተቀመጠ።

ሸራፊት ደግሞ ተነሳች። ጣቷን ሯጩ ላይ አሳርፋ መንገዱን ይዛ ቀስ ብላ ዳገቱን ወጣች፣ አረንጓዴው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። «ወደኛ ቤት ነው የሚሮጠው» አለች። «ብረቱ እኛ ቤት ነዋ። ሊወስደው ነው።»

ከኋላ የወንበር እግር ወለሉን እየፋቀ ጮኸ። ኢንጂነሩ ግማሽ ተነስቶ «ይሄ... ልጆች በምናባቸው...» አለ፤ ሸራፊት ግን ገና አልጨረሰችም ነበር። አያቷ ሲነሳ ስታይ ሊያሞግሳት መሰላት መሰል፣ ፊቷ በራ።

«አያቴ፣ ይሄኛው አይደል እንዴ የዶሮ ቤቱን በር የምንደግፍበት? ቀዩ ብረት? ቲቸር፣ ላምጣው? ቅርብ ነው።»

መምህርቷ ቃል አልተናገረችም። የተናገረው ዳይሬክተሩ ነው፤ እግዜር ይስጠው። ነገሩ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያልገባው ሰው፣ ኢንጂነሩን ለማስደሰት ከወንበሩ ተስፈንጥሮ «ጎበዝ፣ አምጪው የኔ ልጅ! ለኤግዚቢሽናችን ይሆነናል!» ብሎ አጨበጨበ። «ተቀመጪ» ያለው የኢንጂነሩ ድምፅ በጭብጨባው ተዋጠ። ሸራፊት ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር እየሮጠች ወጣች።

አሥር ደቂቃ ማለት ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ፣ ያን ክፍል ያየ ነው። ኢንጂነሩ መሐረቡን አወጣ፣ ግንባሩን ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ መልሶ አወጣ። አንዴ ወደ በሩ ተራመደ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበርና አላሳለፈችውም። አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ዳገቱ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ትነዳለች። መምህርቷ የሰውየውን ፊት አንድም ሳታስቀር አየችው። ሠላሳ አንድ ዓመት የተራበችው ነገር ነው፤ ቀስ ብላ በላችው።

ልጆቹ እጀታውን ለሁለት ተሸክመው መጡ። ላባና ኩስ ተጣብቆበታል፣ ቀዩ ቀለም ግን ከሥሩ ይታያል። ጠረጴዛ ላይ ሲያሳርፉት ጠረጴዛው አቃሰተ።

«እንዲህ ያለ ብረት ስንት አለ» አለ ኢንጂነሩ።

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ቀዩን መያዣ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፣ የጨርቅ ጥራት እንደምትፈትን። ከዚያ ዞረች። «ጎርፍ ወሰደው አልነበር እንዴ ያልከው?» አለችው። «አንተ» አለችው፤ ሰው ሁሉ ሰማ።

ኢንጂነሩ ፊቱ ዓመድ መስሎ፣ መሐረቡን እንደጨበጠ ወጣ፤ አጅቦት የወጣ ሰው የለም። ከትምህርት ቢሮ የመጣችው ሴትዮ ብዕሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ዳይሬክተሩ መሃል ወለል ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ነው፣ የት እንደሚያስቀምጠው አልታወቀውም።

ሁሉም ሲበተን ሸራፊት ቀረች። «ቲቸር፣ አጥፍቻለሁ?»

መምህርቷ በርከክ ብላ ዓይን ለዓይን ተያዩ። «አላጠፋሽም። ጣትሽ ያረፈበትን ነው የተናገርሽው።»

«አያቴ ግን ይቆጣል።»

«ይቆጣ ይሆናል። ቢቆጣሽ እኔ ጋ ነይ። ቲቸር ናት ያስተማረችኝ በይው።»

እጀታውን በጨርቅ ጠቅልላ ቤት ወሰደችው። በዋናው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሯጩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የራዲዮ ሆድ ዕቃ ይፈታታል። ጥቅሉን እግሩ ሥር አስቀመጠችና ገለጠችው።

ካቻቢቴውን አስቀመጠ፣ ጎንበስ ብሎ እጀታውን በሁለት እጁ ብድግ አደረገውና ጭኑ ላይ አጋደመው። እጆቹ መያዣውን ሲይዙ የት እንደሚይዙ አልጠፋቸውም። እሷ «ተይው» ሲላት ለመስማት ተዘጋጅታ ነበር። ይቅር እንበለው ካለ ምን እንደምትመልስም አስባለች።

«ፊቱ እንዴት ሆነ?» አለ አባቷ።

«እ?»

«ሲያመጡት። ፊቱን ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ጀምሪ፣ ምንም እንዳትዘዪ።»

ነገረችው። ስለ መሐረቡ ስትነግረው «ስንት ጊዜ ጠረገ?» አላት። የልብስ ሰፊዋን ስትነግረው ደግሞ አስቆማት፤ «ምን አለችው? በይ እንደገና።» ሦስት ጊዜ አስደገማት። እስከዚያች ቀን ድረስ ይቅር ብሎ ዝም ያለ መስሏት ነበር፤ ለካ ሰውየው ከእሷ የባሰ ቂመኛ ኖሯል። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እሱ አለቀሰ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሯጩ ተላጨ። ጫማውን ቦረሸ። እጀታውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከቤት ወጣ፤ ልጁ ልያዝልህ ብትለው እሺ አላለም። በጓሮ አልሄደም። ዋናውን መንገድ ይዞ፣ ሱቆቹ በር ላይ የቆሙትን ሁሉ በስማቸው እየጠራ ሰላም እያለ፣ ቀስ ብሎ ሄደ። እንደሱ ቀስ ብሎ የሄደ ሰው ያ መንገድ አይቶ አያውቅም። የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ፤ ደጃፏ ላይ ወጥታ ቆመች፣ ሳትጠራው የኖረችውን የጥምቀት ስሙን ጠርታ «እንዴት አደርክ?» አለችው። «ደህና» አላት፤ ሌላ አልጨመረላትም።

ዳገቱን ወጣ። አረንጓዴው በር ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ሰበሰበና አንኳኳ። ያኔ የነበረው ዘበኛ ሞቷል፤ የከፈተው ወጣት ነው።

«ምን ፈልገው ነው፣ አባት?»

«ጌታህ አለ?»

«አሉ። ግን ዛሬ ሰው አላገኝም ብለዋል። ማን መጣ ልበላቸው?»

ሯጩ እጀታውን ከትከሻው አውርዶ በሩ ደፍ ላይ አቆመውና በላዩ ተደገፈ።

«የግድቡ በር ጠባቂ በለው። ያኔ እጀታ ፍለጋ መጥቼ ቆይተህ ና ብለውኝ ነበር። ይኸው፣ ቆይቼ መጣሁ።»